ማብቂያ ቀን ለሌለው ክኒን ባለቤት

ውድ አንባቢ፣

እንዴት ሰነበቱ? ቤተሰብስ ደህና ነው? «ሁሉም ደህና ነው፤ ያው ጨጓራዬ ናት እንጂ» ብለው እንደሚመልሱልኝ ከወዲሁ እገምታለሁ። አልፈርድብዎትም። አገር ቤትም ይሁን ባሕር ማዶ፣ የእኛ ሰው በተሰበሰበበት ማዕድ አንዱ «እኔ በርበሬ አልችልም» ሲል፣ ሌላው ከመጉረሱ በፊት ኪሱን ሲዳብስ ማየት የተለመደ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ኪሱን ለሚዳብሰው ሰው ነው። እርስዎ ካልሆኑ አጠገብዎ ለተቀመጠው ያንብቡለት፤ እርስዎ ከሆኑ ግን ለሌላ ሰው የተጻፈ አስመስለው አይለፉኝ።

ኪስዎ ውስጥ ያለው ኦሜፕራዞል መሆኑን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ካልሆነም ዘመዱ ኢሶሜፕራዞል ወይም ፓንቶፕራዞል ይሆናል። ይጣሉት ልልዎት አልመጣሁም። ጥሩ መድኃኒት ነው፤ የስንቱን ቁስለት አድኗል፣ ስንቱንም ከቀዶ ጥገና አትርፏል። የምጠይቅዎ አንዲት ነገር ናት፦ መቼ ነው የሚያበቃው? ብዙዎቻችን ክኒኑን የጀመርንበትን ምክንያት በደንብ አናስታውስም። የምንጨርስበትን ቀን ደግሞ ማንም አልነገረን፤ እኛም አልጠየቅን።

«ጨጓራ ስላለብኝ ነዋ የምወስደው!» ይሉኛል። እሱን አልካድኩም። ግን ከእምብርት በላይ የሚሰማንን ሕመም ሁሉ በዚህ በአንድ ስም መጥራት ለምደናል። ከደረት ወደ ጉሮሮ የሚወጣው ቃር አንድ ነገር ነው። የጨጓራ ወይም የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ቁስለት ሌላ ነው። በኢንዶስኮፒ ታይቶ ምንም ቁስል ሳይገኝበት የሚያቃጥልና የሚነፋ ሆድም አለ። የሐሞት ጠጠር አለ፣ የቆሽት መቆጣት አለ፤ አንዳንዴም ልብ ራሱ ታሞ ሆድን አስመስሎ ያማል። ከእነዚህ አንዱ በሁለት ሳምንት መድኃኒት ይድናል፣ ሌላው ወራት ይፈልጋል፣ ሌላው በክኒን ጭራሽ አይነካም። ሕመሙ ሳይለይ የተጀመረ መድኃኒት ማብቂያ ሊኖረው አይችልም፤ ምን ሲድን ይቆማል?

«የእኔስ የታወቀ ነው፤ በርበሬና ጭንቀት ያመጣብኝ ነው» ይሉ ይሆናል። በዚህ ብቻዎን አይደሉም። እስከ 1980ዎቹ ድረስ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅስልዎት) አብዛኞቹ የዓለም ሐኪሞችም እንደ እርስዎ ያስቡ ነበር። በምዕራብ አውስትራሊያዋ ፐርዝ ከተማ ግን ሮቢን ዋረን የተባለ ሐኪም ከጨጓራ በተወሰዱ ናሙናዎች ላይ ጠምዘዝ ያለ ባክቴሪያ ደጋግሞ ያይ ነበር። ባሪ ማርሻል ከተባለ ወጣት ሐኪም ጋር ሆነው ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ሊያሳድጉት ቢሞክሩ አልሆን አላቸው። በ1982 የፋሲካ በዓል መጣና ናሙናው ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ሳይነካ ሰነበተ፤ ሰዎቹ ከበዓል ሲመለሱ ባክቴሪያው አድጎ ጠበቃቸው። ማርሻል የሚያምነው ሲያጣ በ1984 ባክቴሪያውን በጠብታ ሳይሆን በብርጭቆ ጠጣው። በቀናት ውስጥ ያቅለሸልሸውና ያስመልሰው ጀመር፤ ጨጓራውም መቆጣቱ በምርመራ ታየ። ሁለቱ በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በርበሬ የታመመ ሆድን ያቃጥላል፤ ቁስለቱን የሚያመጣው ግን እሱ አይደለም። ስለዚህ በርበሬን በነፃ ያሰናብቱልኝ። ዋነኞቹ ተከሳሾች ሁለት ናቸው፦ አንዱ ይህ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ነው፤ ሁለተኛውን ጥቂት ቆይቼ አቀርበዋለሁ።

«ባክቴሪያውማ ተገኝቶብኝ ነበር፤ መድኃኒቱንም ወስጃለሁ» የሚሉኝ ብዙ እንደሚሆኑ አውቃለሁ። በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች ተሰብስበው በ2019 ሲታተሙ ከተመረመረው ሰው ግማሽ ያህሉ ተይዞ ተገኝቷልና። ግን ልጠይቅዎት፤ ሁሉንም ጨረሱት? የተለመደው ሕክምና ኦሜፕራዞል፣ አሞክሲሲሊንና ክላሪትሮማይሲን ጠዋትና ማታ፣ ብዙውን ጊዜ ለ14 ቀን ነው። ክላሪትሮማይሲን አፍን መራራ ያደርጋል፣ ሆድን ያላላል። በአምስተኛው ቀን ሕመሙ ቀለል ሲል «እንግዲህ ድኛለሁ» ማለት ያጓጓል። የተረፈው ባክቴሪያ ግን መድኃኒቱን የለመደው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 አዲስ መድኃኒት በአስቸኳይ ያስፈልጋቸዋል ብሎ ከዘረዘራቸው ጀርሞች አንዱ ክላሪትሮማይሲንን የተላመደው ኤች ፓይሎሪ ነበር። ለዚህም ነው አንዳንድ ሐኪሞች አሁን ቢስሙዝ ያለበትን የአራት መድኃኒት ሕክምና የሚያስቀድሙት። ቢስሙዝ ሰገራን ያጠቁራል፤ አስቀድሞ ካልተነገረዎ ያስደነግጣል።

«ከሕክምናው በኋላ ደግሜ ብመረመርም ፖዘቲቭ ነው አሉኝ፤ ይኸው ሦስት ጊዜ ታከምኩ።» ይህን ስሰማ የማስቀድመው ጥያቄ በምን ተመረመሩ የሚለው ነው። ከጣት ወይም ከክንድ በተወሰደ ደም ከሆነ፣ ያ ምርመራ የሚያሳየው ሰውነትዎ ባክቴሪያውን እንደሚያውቀው እንጂ ባክቴሪያው አሁንም መኖሩን አይደለም። ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። ለሌለ ጠላት ሦስት ዙር አንቲባዮቲክ መውሰድ ደግሞ ሌላ ችግር መጋበዝ ነው። መዳንን የሚያረጋግጠው የሰገራ አንቲጅን ወይም የትንፋሽ ምርመራ ነው፤ እሱም አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በኋላ። ኦሜፕራዞሉም ከምርመራው ሁለት ሳምንት በፊት መቆም አለበት፤ ባክቴሪያውን አዳክሞ ከምርመራ ስለሚሸሽገው። ጠዋት ክኒኑን ውጠው ከሰዓት በኋላ ናሙና ሰጥተው «ነጋቲቭ ነኝ» ብለው ከሆነ የሚደሰቱት፣ ደስታዎን ለጊዜው ያቆዩት።

«እሺ፣ ታዲያ ኦሜፕራዞሉ አንዳንዴ ለምን አይሠራልኝም?» አሁን ወደ ቁም ነገሩ መጣን። መቼ ነው የሚውጡት? በልተው፣ ጠጥተው፣ ማቃጠል ሲጀምርዎ ከሆነ መድኃኒቱን አርፍደው ጠርተውታል። ኦሜፕራዞል ጨጓራ ውስጥ ያለውን አሲድ አያጠፋም። አሲድ የሚያመነጩትን ጥቃቅን ፓምፖች ይዘጋል፤ የሚዘጋውም ሥራ ላይ ያሉትን ብቻ ነው። ፓምፖቹን ለሥራ የሚቀሰቅሳቸው ደግሞ ምግብ ነው። ስለዚህ ከምግብ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ መወሰድ አለበት፤ ፓምፖቹ ሲነሡ ደም ውስጥ ደርሶ እንዲጠብቃቸው። ደም ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ሰዓት ቢሆንም የዘጋውን ዘግቶ ስለሚሄድ በቀን አንዴ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ሙሉ ኃይሉ ግን ቀናት ይፈልጋል። አሁን የሚያቃጥልዎን አሁን ለማብረድ ከሆነ የሚታኘከው ወይም ነጩ ፈሳሽ አንታሲድ ይሻልዎታል። ደግሞም ካፕሱሉን ከፍተው ውስጡን አይፍጩት፤ ፍሬዎቹ የተሸፈኑት የጨጓራ አሲድ ራሱ መድኃኒቱን እንዳያበላሸው ነው።

«እኔ ግን ጾመኛ ነኝ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አልቀምስ።» ጾምዎ ይባረክ፤ የጠዋት መድኃኒት ያለው ሰው ጾም ሲገባ ግራ መጋባቱ እውነት ነው። ግን መድኃኒቱ የሚጠብቀው ምግብን እንጂ ጠዋትን አይደለም። ሐኪምዎ ከተስማሙ ከእራት ግማሽ ሰዓት በፊት መውሰድ ይቻላል፤ በረመዳን የሚጾሙም ከስሁር በፊት እንዲሁ። ክኒኑን በባዶ ሆድ ውጠው እህል እስኪቀምሱ ስምንት ሰዓት መቆየት ግን መድኃኒቱን ያለ ሥራ መስደድ ነው። የሚደማ ቁስለት ያለበት ሰው ነገር ሌላ ነው፤ ለእሱ የንስሐ አባቱም ሆነ ሼኩ «ታከም» እንጂ «ጹም» የሚሉት አይመስለኝም።

ቀጥሎ የሚያመጡት መከራከሪያ ከሁሉም የጠነከረው ነው፦ «ሳቆመው ይብስብኛል፤ ስለዚህ ያስፈልገኛል ማለት ነው።» በ2009 የታተመ አንድ የዴንማርክ ጥናት ያስቡልኝ። የጨጓራ ሕመም የሌለባቸው 120 ጤነኛ ሰዎች ተመረጡ። ግማሾቹ ለስምንት ሳምንት ኢሶሜፕራዞል ወሰዱና ሳያውቁት ወደ ባዶ ክኒን ተዛወሩ፤ ሌሎቹ ከመጀመሪያውም ባዶ ክኒን ነበር የተሰጣቸው። ከመድኃኒቱ በተለዩት ላይ በቀጣዮቹ ሳምንታት ቃርና የመሳሰለው ስሜት ከ100ው በ44ቱ ታየ፤ በሌሎቹ ላይ በ15ቱ ብቻ። ልብ ይበሉ፣ እነዚህ ሰዎች ሲጀምሩ ምንም አላመማቸውም! ሰውነት አሲድ ሲታገድበት ተጨማሪ አሲድ ለማምረት ይዘጋጃል፤ እገዳው በድንገት ሲነሣ ያ ሁሉ ዝግጅት ይፈስሳል። የሚሰማዎ ማቃጠል እውነተኛ ነው፤ የድሮው ሕመም መመለስ ነው ማለት ግን ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው መጠኑን ቀንሶ፣ ቀጥሎም ቀን እያሳለፈ፣ በመካከሉ በአንታሲድ እየተደገፈ ቢተው ይቀልለዋል። እነዚያን ጥቂት ሳምንታት ከታገሡ ብዙውን ጊዜ ያልፋል።

«ታዲያ ዕድሜ ልካቸውን የሚወስዱስ?» አሉ፤ በጣም ትክክልም ናቸው። ጨጓራቸው ደምቶ የሚያውቅና ለልባቸው አስፕሪን መተው የማይችሉ ሰዎች፣ የጉሮሮ ቧንቧቸው በአሲድ ክፉኛ የቆሰለ፣ ወይም ባሬት የሚባለው የቧንቧ ለውጥ ያለባቸው ይህን ደብዳቤ አንብበው ክኒናቸውን ቢያቆሙ ያሳዝኑኛል። የእነሱ ክኒን ምክንያቱ ተጽፏል፣ «አይቆምም» የሚለውም በሐኪም ተወስኗል። የእኔ ጭቅጭቅ ማንም ሳይወስን ዕድሜ ልክ ከሆነው ጋር ነው።

«ኩላሊት ይጎዳል፣ አጥንት ይሰብራል ሲሉ ሰምቼ ፈርቼ ነበር።» ወሬው ከእውነቱ ገዝፏል። ከ17,000 በላይ ሰዎችን ለሦስት ዓመት ያህል የተከታተለና በ2019 የወጣ ጥናት ፓንቶፕራዞልን ከባዶ ክኒን ጋር አወዳድሮ በግልጽ ጨምሮ ያገኘው የአንጀት ኢንፌክሽንን ነው። ለእኛ ግን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የጨጓራ አሲድ ከውኃና ከጥሬ አትክልት ጋር የሚገባውን ጀርም የሚገድል ዘበኛ ነው፤ ውኃው በማያስተማምንበት ሰፈር ዘበኛውን ያለ ምክንያት ማሰናበት ብልህነት አይመስለኝም። ለዓመታት ሲወሰድ ደግሞ ቫይታሚን ቢ12ና ማግኒዥየም ሊቀንስ ይችላል፤ የብረት ክኒንም በደንብ እንዳይመጠጥ ያደርጋል። የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ሳይጠይቁ አይጀምሩ፦ አታዛናቪርና ሪልፒቪሪን ከኦሜፕራዞል ጋር አይስማሙም። ዶሉቴግራቪር ከኦሜፕራዞል ጋር ችግር የለበትም፤ አንታሲድ ከጨመሩ ግን ዶሉቴግራቪሩ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ወይም ስድስት ሰዓት ዘግይቶ መወሰድ አለበት።

«የእኔ እኮ ከአሜሪካ የሚላክልኝ ኦሪጅናል ነው!» እንኳን ደስ ያለዎት። እስቲ ካርቶኑን ያገላብጡት። አሜሪካ ከ2003 ጀምሮ ኦሜፕራዞል ያለ ሐኪም ወረቀት ሱፐርማርኬት ውስጥ ይሸጣል፤ በካርቶኑ ላይ ግን «ለ14 ቀን» የሚል መመሪያ አለ። ሐኪም ካላዘዘ በቀር በየአራት ወሩ ከአንድ ዙር በላይ እንዳይወሰድም ያሳስባል። የዋሽንግተኗ እህትዎ ሦስት ካርቶን በሻንጣ ስትልክ ፍቅሯን ነው የላከችው፤ ጽሑፉን ማንበብ የእርስዎ ፈንታ ነበር። ይኸውልዎት፣ ማብቂያ ቀኑ ድሮም ተጽፎ ነበር፤ በእንግሊዝኛ፣ በደቃቅ ፊደል።

አሁን ሁለተኛውን ተከሳሽ ላቅርብ። «እኔ ከጨጓራ መድኃኒት ሌላ ምንም አልወስድም» ካሉኝ በኋላ፣ ለወገብዎስ ብዬ ስጠይቅዎ «ኧረ እሷማ ዳይክሎፌናክ ናት፤ አንዳንዴ ብቻ» ይሉኛል። እሷማ ናት ጉዳችን። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ሕመም የሚያስታግሱበት መንገድ የጨጓራን ግድግዳ ከራሱ አሲድ የሚጠብቀውንም ነገር ይቀንሳል። በመርፌ መወጋትም አያድንም፤ ጉዳቱ በደም በኩልም ይደርሳል። በጠዋት ኦሜፕራዞል፣ በማታ ዳይክሎፌናክ መውሰድ የሚያፈስ ጣሪያ ሳይጠግኑ ባልዲ እየቀያየሩ መኖር ነው። ለራስ ምታትና ለቀላል ሕመም ፓራሲታሞል በልኩ ቢወሰድ ለጨጓራ ይራራል። ማስታገሻው የግድ ከሆነ ደግሞ የጨጓራ መከላከያ ክኒኑ አብሮ ታዝዞ አብሮ ያልቃል።

«አያቴ በተልባና በአብሽ ነበር የኖረችው» የሚሉትን አክብሬ እሰማለሁ። ተልባም አብሽም ልስልስ ናቸው፤ ማቃጠሉን ለጊዜው ማብረዳቸው አይካድም። ከመድኃኒት ጋር አንድ ላይ ካልተጠጡ በቀር አልቃወማቸውም፤ መድኃኒቱን ሊያዘገዩት ይችላሉና። ወተት ግን ሸንጋይ ነው፤ ሲጠጡት ያበርዳል፣ ቆይቶ አሲዱን ይቀሰቅሳል። ባክቴሪያውን ከእነዚህ አንዳቸውም አያጠፉልዎትም። ግን አያትዎን ካነሡ አይቀር፣ ኮሶን ያስታውሱ። ቁርጥ የሚበላ ሰው የኮሶ ትል ሲይዘው አበባውን አስወቅጦ፣ በማለዳ በባዶ ሆዱ መራራውን ጠጥቶ፣ ቀኑን ሙሉ ከቤት ሳይወጣ ይውል ነበር። መራርም አደገኛም ስለነበር ዛሬ በፕራዚኳንቴልና በመሰሎቹ ተተክቷል፤ እንዲመለስ አልመኝም። አንድ ነገር ግን ያውቁ ነበር፤ መድኃኒት ምክንያት አለው፣ ቀን አለው፣ ያበቃል። ኮሶን በኪሱ ይዞ የሚዞር ሰው ሰምተው ያውቃሉ?

«ሁሉን አደረግሁ፤ አልተሻለኝም» ካሉ ምናልባት ሕመሙ ከመጀመሪያውም የጨጓራ አልነበረም። ሁዳዴ ተፈትቶ ዶሮው፣ ክትፎውና ቅቤው በተከታታይ ሲገባ፣ ከጎድን አጥንት በታች በቀኝ በኩል የሚይዝ፣ ወደ ትከሻ የሚሄድ፣ ሰዓታት ቆይቶ የሚለቅ ሕመም ካለ የሐሞት ጠጠር ይጠረጠራል። ቅባት ሲመጣ የሐሞት ከረጢት ይጨመቃል፤ ጠጠሩም መውጫው ላይ ይወተፋል። ይህን የሚለየው አልትራሳውንድ እንጂ ኦሜፕራዞል አይደለም። «የሚያሟሟ ክኒን አለ ይባላል» ብለው እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። አለ፤ ኡርሶዲኦክሲኮሊክ አሲድ ይባላል። ግን የሚሠራው ጠጠሩ ትንሽ፣ ከኮሌስትሮል የተሠራ፣ ካልሲየም ያልያዘና ከረጢቱም ገና የሚሠራ ሲሆን ነው። ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ይወስዳል፤ ከተሳካላቸውም ግማሽ በሚሆኑት ላይ በአምስት ዓመት ውስጥ ጠጠሩ ተመልሶ ይመጣል።

ስለዚህ ለሚያም ጠጠር ዋናው መፍትሔ ከረጢቱን ማውጣት ነው። «ሐሞተ ቢስ ሆኜ ልቅር?» ብለው አይቀልዱብኝ፤ ሐሞትን የሚያመርተው ጉበት ነው፣ ከረጢቱ ቢወጣም ማምረቱን አያቆምም። ካርል ላንገንቡሕ በ1882 በርሊን ላይ የመጀመሪያውን ካወጣ ወዲህ ቀዶ ጥገናው የተፈተነ ነው፤ ከ1985 ጀምሮ ደግሞ በትንንሽ ቀዳዳ መሥራት ተችሏል። በአጋጣሚ ታይቶ የማያም ጠጠር ግን አብዛኛውን ጊዜ ባይነካ ይሻላል። ለጠጠር ሕመም ሐኪም ቤት ከሚመረጡት ማስታገሻዎች አንዱ ያ የከሰስኩት ዳይክሎፌናክ ነው ብልዎ ይታዘቡኛል? ጠቡ ከመድኃኒቱ ጋር ሳይሆን ማብቂያ ከሌለው አወሳሰዱ ጋር ነበር፤ ይህኛው ሕመሙ ለመጣባት ሌሊት ተሰጥቶ ሲነጋ ይቆማል።

ከጠጠር ጋር ስሟ የሚነሣው ቆሽት ናት። ጠጠሩ ወርዶ የጋራ መውጫቸውን ሲዘጋ፣ ወይም በአልኮል ብዛት፣ አልፎ አልፎም ወስፋት ቱቦው ውስጥ ሲገባ ቆሽት ትቆጣለች። ሕመሙ ወደ ጀርባ ይወጋል፣ ያስመልሳል፣ ወደ ፊት ጎንበስ ሲሉ ትንሽ ይተዋል። ይህን የሚያቆም ክኒን የለም፤ ሕክምናው ሐኪም ቤት ተኝቶ በደም ሥር ፈሳሽ መውሰድ፣ ሕመሙን ማስታገስና ሆድ እንደቻለ መመገብ ነው። ለዓመታት ተጎድታ ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞችን ማመንጨት ስታቆም ደግሞ ሰገራ ቅባት ይሆናል፣ ይሸታል፣ ሰውነት ይከሳል። ያኔ የሚታዘዘው የኢንዛይም ካፕሱል ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር ይዋጣል፤ በልተው ከጨረሱ በኋላ ቢውጡት ምግቡ አልፎታል። ይህ መድኃኒት ማብቂያ የለውም፤ ማዕድ እስካለ ድረስ አብሮ ይቀርባል። ለምን እንደሆነ ግን ይታወቃል።

እዚህ ላይ ሹክ ልበልዎት፤ ይህ ኢንዛይም የሚሠራው ከአሳማ ቆሽት ነው። «እንዴት ተደርጎ!» ማለትዎ ይሰማኛል፤ ተዋሕዶም ይሁኑ ሙስሊም፣ ወይም እስራኤል ያሉ ቤተ እስራኤል። የምፈራው ጥያቄዎን አይደለም፤ ሰምተው በልብዎ ይዘው ካፕሱሉን በድብቅ መተውዎን ነው። ለሐኪምዎ ይንገሩ፣ ለሃይማኖት አባትዎም «ሌላ አማራጭ የሌለው መድኃኒት ነው» ብለው በግልጽ ይጠይቁ። ነፍስን ለማትረፍ ተብሎ የሚፈቀድ ነገር በሦስቱም ወገን አለ።

«እንግዲህ አስፈራርተኸኛል፤ መቼ ነው መሮጥ ያለብኝ?» ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ካስመለሰዎ፣ ምግብ ሲወርድ ከተያዘ፣ ሳያስቡት ከከሱ፣ ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ወይም የቀኝ ጎን ሕመም ከትኩሳት ጋር ከመጣ ክኒን አይፈልጉ፤ ሐኪም ቤት ይሂዱ። ደረት ላይ የሚጫን ሕመም ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ፣ ወይም ወደ ክንድና መንጋጋ ከሄደ «ጨጓራዬ ናት» ብለው አንድ ሰዓት እንኳ አይጠብቁ። በዚህኛው ላይ ቀልድ የለኝም።

የቀረው ቀላል ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ሐኪሙ ወረቀቱን ሲጽፍልዎ፣ ወይም ፋርማሲስቷ ስትሰጥዎ፣ ሦስት ነገር ይጠይቁልኝ፦ ይህ ለየትኛው ሕመሜ ነው? ከምግብ በፊት ነው ወይስ ጋር? የመጨረሻውን ክኒን የምውጠው መቼ ነው? «ሐኪምን መጠየቅ ድፍረት አይሆንም ወይ?» ይሉኝ ይሆናል። በግ ሲገዙ ጥርሱን ከፍተው አይተው፣ ዕድሜውን ጠይቀው፣ ዋጋውን ለሁለት ሰዓት የሚከራከሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ? ለገዛ ሆድዎ ሁለት ደቂቃ ቢጠይቁ ማንም አይቀየምዎትም። መልሱ «ለአራት ሳምንት» ከሆነ ቀኑን ካርቶኑ ላይ ይጻፉት። «ዕድሜ ልክ» ከሆነም «ስለምን?» ብለው ያስጽፉትና በሰላም ይዋጡት፤ ያኔ እኔም አፌን እይዛለሁ።

ጤናዎን ከሚመኝ፣ በርበሬም ከሚወድ፣
አክባሪዎ